ጀርመን ሙዚቃ ለምትማሩ፦ ከመለማመጃ ቦታ የሚጀምር መመሪያ

ሙዚቃ ለመማር ወደ ጀርመን የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቪዛና ስለ ገንዘብ ነው። ሁለቱም ያስጨንቃሉ፣ እውነት ነው። ከገባችሁ በኋላ ግን ቀናችሁን የሚወስነው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የት ትለማመዳላችሁ? መቼስ? የሕግ ተማሪ መጽሐፉን ይዞ የትም ቢቀመጥ ያጠናል። ትሮምፔት የሚነፋ ወይም ቫዮሊን የሚጫወት ግን ድምፁ ማንንም የማይረብሽበት ቦታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሌላው ሁሉ ለልምምዱ እንዲመች አድርጌ ነው። ቤቱም፣ ሥራውም፣ ወረቀቱም። ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ እዚህ የምትኖሩት በዚያ ስለሆነ።

1. ከትምህርት ቤቱ በፊት መምህር ፈልጉ

ጀርመን ውስጥ 24 የመንግሥት የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሆኽሹለ ይሏቸዋል። በርሊን፣ ላይፕዚግ፣ ቫይማር፣ ኮሎኝ፣ ሙኒክ፣ ሽቱትጋርት፣ ዴትሞልት ሁሉም አላቸው። አዲስ አበባ ሆናችሁ ስታስቡት ዋናው ጥያቄ «የትኛው ከተማ?» ይመስላል። እዚህ ያሉ ሙዚቀኞች የሚጠይቋችሁ ግን «ማን ጋ ነው የምትማሩት?» ብለው ነው። አንድ ተማሪ የሚገባው ወደ አንድ መምህር ክፍል ነውና። ያ መምህር ዘንድ ቦታ ከሌለ ፈተናውን አሳምራችሁ ብትጫወቱም ላትገቡ ትችላላችሁ።

ስለዚህ ከማመልከታችሁ ከወራት በፊት ለሦስት ለአራት መምህራን ኢሜይል ጻፉ። አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደተማራችሁ፣ አሁን ምን እየተጫወታችሁ እንደሆነ፣ ከዚያ የቪዲዮ ሊንክ። ቪዲዮው ሳይቆረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተቀዳ ይሁን። የስልክ ካሜራ ይበቃል፤ ድምፁ ግን ይጥራ። መጨረሻ ላይ ፕሮበሽቱንደ ማለትም የሙከራ ትምህርት ሊሰጧችሁ ፈቃደኛ እንደሆኑ ጠይቁ፤ የሚከፈልበት ከሆነም እዚያው ጠይቁ። ይህን መጠየቅ እዚህ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። ሁሉም የሚያደርገው ነው።

የመግቢያ ፈተናው በዋናው መሣሪያ ብቻ አያበቃም። ፒያኖ፣ የሙዚቃ ቲዎሪና የጆሮ ፈተና አለው። የጆሮ ፈተናው ብዙ ሰው ይጥላል። ኢንተርቫልና ኮርድ ሰምታችሁ ትለያላችሁ፣ ዜማ ሰምታችሁ በኖታ ትጽፋላችሁ፣ ምት ታጨበጭባላችሁ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ከሆነ መሠረቱ አላችሁ። ካልሆነ ግን ይህን ክፍል ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድማችሁ ጀምሩት። የክረምቱ ሴሚስተር የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው፤ ለዚያ የሚሆነው ማመልከቻ ብዙ ቦታ በፀደይ ይዘጋል፣ ፈተናውም ከሜይ እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ ይውላል። የጀርመንኛ ደረጃው እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል፣ ቤ1 ወይም ቤ2 የሚጠይቁ ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር በደንብ ያዙ። ለፈተናው ብቻ በሼንገን የጉብኝት ቪዛ ከመጣችሁና ካለፋችሁ፣ ያንን ቪዛ እዚሁ ወደ ተማሪ ፈቃድ መቀየር አይቻልም። ተመልሳችሁ አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲ የተማሪ ቪዛ ታወጣላችሁ። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ የትምህርት አመልካች ቪዛ አለ፤ እሱን ይዞ የመጣ ሰው እዚሁ ሆኖ መቀጠል ይችላል። የትኛውን እንደምትጠይቁ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ወስኑ።

2. ገንዘቡን በልክ አስሉት

ለተማሪ ቪዛ ከሚቀርቡት የገንዘብ ማስረጃዎች የተለመደው ሽፔርኮንቶ የሚሉት ዝግ ሂሳብ ነው። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ይጠየቃል። በወር 992 ዩሮ ብቻ ነው የሚለቀቅላችሁ። በላይፕዚግ ጠበብ ባለ ኑሮ ይበቃ ይሆናል። ሙኒክ ላይ ግን ኪራዩ ብቻ ብዙውን ይወስደዋል።

«ጀርመን ትምህርት ነፃ ነው» የሚባለው በአብዛኛው እውነት ነው፣ ሁሉም ቦታ ግን አይደለም። ባደን-ቩርተምበርግ ክፍለ ሀገር ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። ሽቱትጋርት፣ ፍራይቡርግ፣ ካርልስሩኸ፣ ማንሃይምና ትሮሲንገን ያሉት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በዚህ ውስጥ ናቸው። ላይፕዚግ ያለውም ከእንደኛ ዓይነቱ ተማሪ 1,800 ዩሮ ይጠይቃል። ከዚህ ሌላ በየሴሚስተሩ የሚከፈል መዋጮ አለ። በብዙ ከተማ የትራንስፖርት ቲኬቱ በዚሁ ውስጥ ስለሚካተት ገንዘቡ አይቆጭም።

3. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወረቀት

ቅደም ተከተሉን ካወቃችሁት ቀላል ነው። መጀመሪያ አድራሻ። ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተማው ማዘጋጃ ሄዳችሁ ትመዘገባላችሁ፤ አንሜልዱንግ የሚባለው ይህ ነው። ከአከራዩ የተፈረመ የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል፣ የኪራይ ውሉ ብቻ አይበቃም። የምዝገባ ወረቀቱን ከያዛችሁ የባንክ ሂሳቡም የመኖሪያ ፈቃዱም ይከተላል።

የጤና መድን ከሌላችሁ ትምህርት ቤቱ አይመዘግባችሁም። ኤኦካ፣ ቴካ፣ ባርመር ከሚባሉት አንዱን ምረጡ፤ ለተማሪ ያላቸው ዋጋ ተቀራራቢ ነው። የተማሪው ዋጋ የሚሠራው እስከ 30 ዓመት ነው። አገር ቤት ዲግሪ ይዛችሁ፣ ጥቂት ዓመት ሠርታችሁ ለማስተርስ የምትመጡ ይህን አስቡበት፤ ከ30 በኋላ ክፍያው ይጨምራል።

ከዚያ ሳታስቡት ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ በፖስታ ይመጣል። ማጭበርበር አይደለም። በወር 18.36 ዩሮ ነው፣ ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም። የሚከፈለው ግን በሰው ሳይሆን በቤት ነው። ከሌሎች ጋር የምትኖሩ ከሆነ አንዱ ይከፍላል፣ ሌሎቻችሁ ትካፈላላችሁ።

4. ቤት ስትፈልጉ ስለ ልምምድ ጠይቁ

የመግቢያ ደብዳቤው በደረሳችሁ ቀን ለተማሪዎች መኖሪያ አመልክቱ። ማደሪያዎቹን የሚያስተዳድረው ሽቱዲረንደንቬርክ ነው። ወረፋው ረጅም ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ አንዳንድ ማደሪያዎች ምድር ቤት ውስጥ መለማመጃ ክፍል አላቸው፤ ማመልከቻው ላይ የሙዚቃ ተማሪ መሆናችሁንና መሣሪያችሁን ጻፉ።

ቬጌ የሚባለው የጋራ ቤትም ጥሩ ነው። ማስታወቂያ ስትመልሱ የምትጫወቱትን መሣሪያ አትደብቁ። «ሙዚቃ ተማሪ ነኝ» ብቻ ብላችሁ ገብታችሁ በሁለተኛው ቀን ሳክስፎን ብታወጡ ጠቡ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሙዚቀኞች ብቻ የሚኖሩባቸው ቤቶችም አሉ። የትምህርት ቤቱን የማስታወቂያ ሰሌዳ እዩ፤ የሚወጣ ተማሪ ክፍሉን ለሌላ ተማሪ ማስተላለፍ ይወዳል።

በእኔ አስተያየት ከክፍሉ ስፋት ይልቅ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ መሆኑ ይበልጣል። ምክንያቱን ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

5. የልምምድ ክፍል የማግኘት ዘዴ

ጀርመኖቹ ዩበጼለ ይሉታል። ጠባብ ክፍል ነው። አንድ የግድግዳ ፒያኖ፣ አንድ የኖታ ማስቀመጫ፣ አንድ መስተዋት፣ ድምፅ የሚይዝ ወፍራም በር። በሩ ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ በሷ እያዩ የሚያልፉ ተማሪዎች ክፍሉ መያዙን ያረጋግጣሉ። ኮሪደሩ ላይ ስትቆሙ ከአንዱ በር ብራምስ፣ ከሌላው ስኬል፣ ከሦስተኛው አንዲት ዘፋኝ አንድን ሐረግ ደጋግማ ትሰማላችሁ። የጀርመን ሕይወታችሁ ትልቁ ክፍል የሚያልፈው እዚህ ነው።

አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዳንዱ ጋ በር ላይ ካለው ጥበቃ የተማሪ ካርድ አስይዛችሁ ቁልፍ ትወስዳላችሁ፣ ሌላው ጋ በኢንተርኔት ትይዛላችሁ። ለቡና ወጥታችሁ ብትቆዩ ክፍሉን ሌላ ሰው መውሰድ የሚችልበት የደቂቃ ገደብ አለ። ትልቅ ፒያኖ ያለባቸው ክፍሎች ለፒያኖ ተማሪዎች ቅድሚያ ይሰጣሉ። ደንቡ በሩ ላይ ወይም ጥበቃው ጋ ተለጥፏል። መጀመሪያ ቀን አንብቡት፣ ስልካችሁም ላይ ፎቶ አንሱት። የጥበቃ ሠራተኛውን በስሙ ሰላም በሉት። ማን ክፍሉን እንደለቀቀ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚለቀቅ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሰዓት የመምረጡ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ጠዋት ሕንፃው ሲከፈት ክፍል ይተርፋል። ከ10 ሰዓት በኋላ መጣበብ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ከምሽቱ 20 ሰዓት በኋላ ደግሞ ቀለል ይላል። ስለዚህ ከባዱን ሥራ፣ ቴክኒኩንና አዲሱን ቁራጭ፣ ለጠዋት አድርጉት። ቀን ላይ ቲዎሪ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ምሳ። ማታ የተማራችሁትን ደግሞ መጫወት። ቤታችሁ 45 ደቂቃ ርቆ ከሆነ ይህ አይሳካም፤ ቅርብ ቤት ያልኩት ለዚህ ነው። ጃንዋሪ መጨረሻና ጁላይ የፈተና ወቅት ነው። ያኔ ጠዋት ያልመጣ ክፍል አያገኝም።

ሌላም አማራጭ አለ። የሕፃናት ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ መደበኛ ትምህርት ላይ ስለሚሆኑ እስከ ቀትር ክፍሎቻቸው ባዶ ናቸው፤ ጽሕፈት ቤቱን ሄዳችሁ ጠይቁ። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያንም አዳራሽ አለው። የቤተ ክርስቲያኑን የሙዚቃ ኃላፊ አግኙት። ለኪራይ ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ በዓመት አንድ ሁለቴ አገልግሎት ላይ እንድትጫወቱ ሊፈልግ ይችላል፣ ይህ ለእናንተም መድረክ ነው።

6. ቤት ውስጥ መለማመድና ጎረቤት

ቤት ውስጥ መለማመድ ክልክል አይደለም። ካርልስሩኸ ያለው የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2018 አንድ ጉዳይ አይቷል። አውግስቡርግ ውስጥ ቤቱ የሚለማመድ የትሮምፔት ተጫዋች በጎረቤቶቹ ተከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሙዚቃ መጫወት የተለመደ የመኖሪያ ቤት አጠቃቀም ነው፣ ሙሉ በሙሉ ሊከለከል አይችልም አለ። እንደ ግምታዊ መለኪያም በሥራ ቀን ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ያህል፣ እሑድና በዓል ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል መጫወት የሚል አስቀመጠ። እንደ ሁኔታው ሊለያይ ይችላል።

ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፣ ሕጉን ይዞ በር ማንኳኳት ግን አያዋጣም። ከ22 እስከ ጠዋቱ 6 ሰዓት ድምፅ የለም። ብዙ ሕንፃ ከ13 እስከ 15 ሰዓትም ጸጥታ ይፈልጋል። ሃውስኦርድኑንግ የሚባለው የሕንፃው ደንብ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉትን ሄዳችሁ ተዋወቁ። ከዚያ መግቢያው ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ለጥፉ፦

«ሰላም፣ 3ኛ ፎቅ የገባሁ የሙዚቃ ተማሪ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ቫዮሊን እለማመዳለሁ። ፈተና ካለባችሁ፣ ከታመማችሁ ወይም ሕፃን የሚተኛ ከሆነ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ሰዓቱን እቀይራለሁ።»

ከስሩ ስልካችሁን አስቀምጡ። በጀርመን ሰው የሚናደደው ከድምፁ ይልቅ መቼ እንደሚያበቃ ባለማወቁ ነው። ሰዓቱን ከነገራችሁት ይታገሳል። የተናገራችሁትን ሰዓት ግን በአምስት ደቂቃም አትለፉ።

ዲጂታል ፒያኖ በጆሮ ማዳመጫ የምትጫወቱም ከሥር ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ። የቁልፉና የፔዳሉ ምት በወለሉ ወደ ታች ይወርዳል። ክራርና በገና የያዛችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ያለ ማጉያ ብዙ ሰው አይረብሹም።

7. ክፍል ውስጥ የሚያደናግሩ ነገሮች

አገር ቤት በእንግሊዝኛው ስያሜ የተማረ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚሰናከለው እዚህ ነው። እኛ ቢ የምንለው ኖታ በጀርመን ሃ ይባላል። ጀርመኖች ቤ ሲሉ ደግሞ ቢ ፍላት ማለታቸው ነው። መምህሩ «ከቤ ጀምር» ሲል ቢ ናቹራል ብትጫወቱ ግማሽ ድምፅ ከፍ አላችሁ ማለት ነው። ሻርፕ ሲሆን መጨረሻው ላይ «ኢስ» ይጨመራል፦ ሲ ሻርፕ ጺስ፣ ኤፍ ሻርፕ ፊስ። ፍላት ሲሆን «ኤስ» ይጨመራል፦ ዲ ፍላት ዴስ፣ ጂ ፍላት ጌስ። ሜጀር ዱር፣ ማይነር ሞል ነው። ከመምጣታችሁ በፊት ሁሉንም ስኬሎች በዚህ ስም ጮክ ብላችሁ እየጠራችሁ ተጫወቱ፣ አፋችሁ እስኪለምደው።

ሃርሞኒም ይለያል። ኮርዶችን በሮማውያን ቁጥር ከመጥራት ይልቅ ቶኒካ፣ ሱብዶሚናንተ፣ ዶሚናንተ እያሉ በሚሠሩት ሥራ ይሰይሟቸዋል። የጆሮ ፈተናችሁ ላይ ይህንኑ ይጠይቃሉ። ኦርኬስትራዎቹ ላ (ኤ) የሚባለውን ኖታ የሚቃኙት ከ440 ኸርዝ ከፍ አድርገው ነው፣ 443 የተለመደ ነው። የመቃኛ አፓችሁን አስተካክሉ።

«ሃልፕ አኽት» ከተባላችሁ 7 ሰዓት ተኩል ነው፣ 8 ሰዓት ተኩል አይደለም። ልምምድ በዚያ ሰዓት ይጀመራል ማለት ደግሞ በዚያ ሰዓት የመጀመሪያው ኖታ ይሰማል ማለት ነው። መሣሪያ አውጥቶ፣ ተቃኝቶ፣ ተቀምጦ ለመጠበቅ ሩብ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል።

መምህራችሁን አንቱ እንደምትሉት ሁሉ «ዚ» በሏቸው። «ዱ» መባባል ከፈለጉ ራሳቸው ይጀምራሉ። ብዙ ወጣት መምህራን በመጀመሪያው ቀን ይጀምራሉ፣ ያኔ እምቢ አትበሉ።

አጃቢ ፒያኒስት ትምህርት ቤቱ ይመድብላችኋል። የፒያኖውን ኖታ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ስጧቸው። ብዙ ተማሪ ያጅባሉና በዋዜማው የመጣ ኖታ ያበሳጫቸዋል። መምህሩ በሚያዘጋጀው የተማሪዎች ምሽት ላይ ደግሞ ቶሎ ለመጫወት ጠይቁ። ቁራጩ ፍጹም እስኪሆን አትጠብቁ። ሌሎቹ ተማሪዎች ያልበሰለ ሥራ ይዘው ይወጣሉ፤ ምሽቱ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

8. መሣሪያችሁና የክረምቱ አየር

ክረምት ላይ ውጭው ይቀዘቅዛል፣ ቤት ውስጥ ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል። እንጨት ይሰነጠቃል። ለቫዮሊን፣ ለቼሎ፣ ለጊታርና ለክላሪኔት የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ በጥቂት ዩሮ ገዝታችሁ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ። ከብርድ ስትገቡ ሳጥኑን ወዲያው አትክፈቱ፣ ተዘግቶ ይሙቅ። ማሞቂያ አጠገብ ፈጽሞ አታስቀምጡ። ማሲንቆና ክራርም ይጎዳሉ፦ ቆዳው በእርጥብ አየር ይላላል፣ በደረቅ ይወጠራል፣ ቅኝቱም አብሮ ይሄዳል። ውድ መሣሪያ ከሆነ የመሣሪያ መድን አስገቡ።

9. ሥራና ገቢ

በተማሪ ፈቃድ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ተቀጥሮ መሥራት ይቻላል። ሙዚቀኛን የሚያጋጥመው ችግር ግን ሌላ ነው። ጀርመኖች ሙገ የሚሉት የአንድ ምሽት ሥራ፣ ሠርግ ላይ መጫወት፣ ልጆችን በግል ማስተማር፣ ብዙ ጊዜ ቅጥር ሳይሆን የግል ሥራ ነው የሚባለው። ለግል ሥራ ከውጭ ዜጎች ቢሮ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ክፍያ ከመቀበላችሁ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚገልጽ ከመምህሩ የተጻፈ ደብዳቤ ይጠቅማል። ከዚያ ከግብር ቢሮው ቁጥር አውጡና ደረሰኝ ስጡ። ይህ ለሀበሻ ሠርግም ይሠራል።

ሥራ የሚበዛው ዲሴምበር ላይና በሰሙነ ሕማማት ነው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የባኽ ሥራዎች ስለሚቀርቡ። ስትስማሙ የጉዞው ወጪ በክፍያው ውስጥ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ስኮላርሺፕም ፈልጉ። ዳአአዴ የሚባለው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ለሙዚቃ ተመራቂዎች የሚሰጠው የራሱ ፕሮግራም አለው። ዶይችላንድሽቲፔንዲዩም በወር 300 ዩሮ ነው፣ የውጭ ተማሪም ማመልከት ይችላል።

10. ኮንሰርት ስሙ፣ ምሳ ብሉ

ለተማሪ ትኬት ርካሽ ነው። ኮንሰርቱ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ያልተሸጡ ቦታዎች በቅናሽ ይሸጣሉ፣ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ላይፕዚግ ያላችሁ ደግሞ ባኽ ከ1723 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በሠራበት በቶማስ ቤተ ክርስቲያን ዓርብ በ18 ሰዓትና ቅዳሜ በ15 ሰዓት የቤተ ክርስቲያኑን የወንድ ልጆች መዘምራን በትንሽ ገንዘብ መስማት ትችላላችሁ። በርሊን የፊልሃርሞኒው አዳራሽ በሲዝኑ የምሳ ሰዓት ነፃ ኮንሰርት ያዘጋጃል።

ምሳ መንዛ ከሚባለው የተማሪዎች ምግብ ቤት ብሉ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ሸምቱ። እንጀራ ካማራችሁ ፍራንክፈርት የሀበሻ ሱቅም ምግብ ቤትም ሞልቶላታል፤ በሌሎች ትልልቅ ከተሞችም አይጠፋም።

11. በየሴሚስተሩ የማይረሱ ሁለት ነገሮች

አንደኛው ሩክሜልዱንግ ነው፤ ለቀጣዩ ሴሚስተር እንደምትቀጥሉ የምታሳውቁበት። መዋጮውን በተባለው ቀን ካልከፈላችሁ ስማችሁ ከተማሪነት ይሰረዛል። ቀኑን ስልካችሁ ላይ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ።

ሁለተኛው የመኖሪያ ፈቃዱ እድሳት ነው። ሊያበቃ ሦስት ወር ሲቀረው ማመልከቻውን አስገቡ፣ ቀጠሮ ባይኖርም በጽሑፍ አስገቡና ማስረጃውን ያዙ። ከማብቃቱ በፊት ካስገባችሁ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የድሮው ፈቃድ እንደጸና ይቆጠራል። ለዚህም ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጣል። ለውድድር ወይም አገር ቤት ለመሄድ ካሰባችሁ ወረቀቱ ወጥቶ ለመመለስ የሚያገለግል መሆኑን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያው ቢሮ ጠይቁ።